እትዬ ሉባባ ያልከፈቱት ቧንቧ

ውሃ ሥራ የገባሁ ቀን የሰጡኝ ዶማ ነው። እኔ መፍቻ ይሰጡኛል ብዬ ነበር የሄድኩት።

ከአምባሰል ወርጄ ሐይቅ ከተማ አክስቴ ቤት ሰንብቻለሁ። ውሃ ሥራ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና በማለዳ በሩ ላይ ቆምኩ። ፎርማኑ ገብሬ ይባላል፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ሲናገር ሰው የማያይ። የሚያየው ቱቦውን ነው። እጄን ይዞ ገለበጠው።

«ዶማ ታውቃለህ?»

«የገበሬ ልጅ ነኝ፤ እንዴት አላውቅም?»

«እንግዲያው ከዚህ እስከዚያ ዋርካ ድረስ ቆፍር። ጥልቀቱ እስከ ጉልበት። በእኔ ጉልበት አይደለም፣ በራስህ ጉልበት ለካ።»

ማታ መጥቶ አየና «ጠማማ ነው» አለ።

«ወንዝስ ጠማማ አይደለም? ውሃው ይሄድ የለም እንዴ?» አልኩት።

ሠራተኛው ሳቀ። ገብሬ አልሳቀም። በነጋታው ያንኑ ቦይ ደፍኜ እንደገና ቀጥ አድርጌ እንድቆፍር አደረገኝ። «ግትሩ ደምሴ» የሚለው ስም የወጣልኝ ያን ቀን ነው፤ ጡረታ እስክወጣም አልለቀቀኝ።

ጊዜው ደርግ ነው። የእኛ ማዕረግ አራት ነበር፤ ቆፋሪ፣ ረዳት፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ፎርማን። ሁለት ዓመት ቆፈርኩ። ሦስት ዓመት ረዳት ሆኜ ሞርሳ ተሸከምኩ። ሞርሳ ቱቦውን ነክሶ የሚይዘው ብረት ነው፤ ትከሻዬ ላይ የሠራው ጠባሳ አሁንም አለ። ቱቦ በመጋዝ መቁረጥ፣ ጫፉ ላይ ዘይት እያንጠባጠቡ ክር ማውጣት፣ በክሩ ላይ ቃጫ መጠምጠም ተማርኩ። ቃጫ የሚጠመጠመው ቱቦው ሲጠብቅ በሚዞርበት በኩል ነው። በተቃራኒው ከጠመጠማችሁት ስታጠብቁት ይፈታል፣ ውሃውም ያላግጥባችኋል።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ጢም ካወጣሁ በኋላ። ይህን የምጽፈውም ውሃ ሥራ ያላችሁት ልጆች ጻፈው ብላችሁ ስለጨቀጨቃችሁኝ ነው። ስሕተት ካያችሁ እለፉት፤ ዕድሜዬን ቧንቧ እንጂ ፊደል አልገጠምኩም።

ገብሬ ወጣት ሳለ ደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ የሙቅ ውሃ መስመር ዘርግቷል። ከዚያ ያመጣት አንዲት ሕግ ነበረችው፤ «ሙቅ ውሃ አጭር ቱቦ ይወዳል» ይላል። ረጅም ቱቦ ውስጥ ሙቀቱ በመንገድ ያልቃል፣ እንጨቱ በከንቱ ይነዳል። ይህችን ሕግ እንደ ዳዊት ደገምኳት። እውነት ናት፤ ዛሬም እውነት ናት። ያሳሳተችኝም እሷው ናት።

ቧንቧ ሠራተኛ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል አያ እንድሪስ ቢሮ መጡ። የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም መሪውን ትተው እቤት ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራቸው መስጊድ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ አዛን የሚሉት እሳቸው ናቸው።

«ደምሴ፣ አንድ ነገር ትሠራልኛለህ። ግቢዬ ውስጥ፣ ውጭ ላይ፣ ሙቅ ውሃ የሚያወርድ ቧንቧ።»

«ውጭ? ከሰማይ በታች?»

«ከሰማይ በታች። አሰብ በዓይኔ አይቻለሁ። ከፈት ስታደርገው ይፋጃል።»

«አያ እንድሪስ፣ አሰብ እኮ ውሃው ሁሉ ይፋጃል። ቀዝቃዛ የሚያወርድ ቢያዩ ነበር የሚያስገርመው። የአሰብን ፀሐይ ያምጡልኝና ዛሬውኑ ልሥራልዎ።»

ረዳቶቹ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለሉባባ ነው» አሉ።

ባለቤታቸው እትዬ ሉባባ እጃቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። ጣታቸው እንደ ዝንጅብል ተጣሟል። ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሲያደርጉ፣ ማለት እጅ ፊታቸውንና እግራቸውን ሲታጠቡ፣ ማንቆርቆሪያ ይዞ ለብ ያለ ውሃ የሚያፈስላቸው ልጃቸው መሐመድ ነበር። መሐመድ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። አያ እንድሪስ ደግሞ አዛን ስላለባቸው ቀድመው ይወጣሉ። እትዬ ሉባባ አንድ ቀን ራሳቸው ውሃ አሙቀው ማንቆርቆሪያውን ሊያነሡ ሲሉ እጃቸው ከዳቸውና እግራቸው ላይ ገለበጡት።

«ቁስሉ እስካሁን አልሻረም» አሉኝ አያ እንድሪስ። «አሁን በቀዝቃዛው ነው የምትታጠበው። ሐይቅ ላይ የታኅሣሥን ውርጭ ታውቀዋለህ። ስመለስ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። 'አመመሽ?' ስላት 'አልሐምዱሊላህ' ነው የምትለኝ። ሌላ ቃል አይወጣትም።»

እሑድ ቀን ሄጄ ግቢያቸውን በሜትር ለካሁ። ከማድ ቤቱ እስከ ሎሚው ዛፍ፣ ቀዝቃዛው ቧንቧ ያለበት ድረስ፣ አሥራ አራት ሜትር። ከማድ ቤቱ ጀርባ ግን አያ እንድሪስ እንደ አሰብ ቤቶች አድርገው ያሠሩት አንድ ክፍል አለ፤ ሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሽንት ቤቱም መታጠቢያውም እዚያው ውስጥ። ግድግዳው ከማድ ቤቱ ጋር አንድ ነው። ሦስት ሜትር ቱቦ ይበቃል።

«እዚህ ነው የሚገጠመው» አልኩ።

«እኔ ያልኩህ ውጭ ነው» አሉ አያ እንድሪስ።

«ውጭ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ደግሞ ማን ነው ሙቅ ቤት እያለው ብርድ ላይ የሚታጠብ? እዚህ በር አለ፣ ጣራ አለ፣ ነፋስ የለ።»

እትዬ ሉባባ ንፍሮ በሰፌድ ይዘው ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። አፋቸውን ከፈት አደረጉ። እኔ ገና ስለ ቱቦው እያስረዳሁ ነኝ። መልሰው ዘጉት። አይቻለሁ፤ አልዋሽም፣ አይቻቸዋለሁ። ጨርሼ ስዞር «ብሉ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ» አሉ።

አያ እንድሪስም «እሺ፣ ባለሙያው አንተ ነህ» ብለው ተረቱ።

አራት እሑድ ፈጀብኝ። የማድ ቤቱን ግድግዳ ከምድጃው ጀርባ ፈልፍዬ የታጠፈ ቱቦ ቀበርኩበት። በርሜል ከግድግዳው አናት ላይ ሰቀልኩ። ቀዝቃዛው ከበርሜሉ ሆድ ወርዶ ምድጃው ጀርባ ይሞቅና ራሱ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ሞተር የለው፣ መብራት የለው። ለበርሜሉ የሳንቃ ሣጥን ሠርቼ ዙሪያውን ጭድ ጠቀጠቅኩበት፤ የራት እሳት ያሞቀው ውሃ እስከ ሱብሂ ሙቀቱን እንዲይዝ።

የመጨረሻው እሑድ ቧንቧውን ስከፍተው ክፍሉ በእንፋሎት ተሞላ። አያ እንድሪስ «አጃኢብ!» አሉ። ጎረቤት ጠሩ። ጎረቤቱ ሌላ ጎረቤት ጠራ። እትዬ ሉባባም ከበሩ ውጭ ቆመው መረቁኝ፤ «ጀሊሉ እጅህን ይባርከው፣ ልጅ ይስጥህ፣ ከክፉ ይሰውርህ» አሉኝ። ያን ያህል የተመረቅሁበት ሥራ አልነበረኝም። ለወራት ገበያ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር «አይ ያቺ ቧንቧህ! እንዴት ያለች ነች!» ይሉኛል። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ አልፋለሁ።

ያን ጊዜ የከተማው ውሃ በፈረቃ ነበር። የእነ አያ እንድሪስ ሰፈር ዋና መዝጊያ የሚገኘው ከአጥራቸው ሥር፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ተራዬ ሲደርስ ንጋት ላይ፣ አዛን ሲሰማ ሄጄ እከፍተዋለሁ። ቦኖ ላይ የሚሰለፉት ሴቶች ውሃ እንዲያገኙ።

የታኅሣሥ ተራ ደረሰኝ። መዝጊያውን ከፍቼ ቱቦው አየሩን እስኪተነፍስ ጎንበስ ብዬ ሳዳምጥ ከአጥሩ ወዲያ ውሃ ሲወርድ ሰማሁ። የቧንቧ ሠራተኛ ጆሮ ክፉ ነው። ሲሚንቶ ላይ የሚወርድ ውሃ ሌላ፣ ድንጋይና አፈር ላይ የሚወርድ ሌላ። ይህ ሎሚው ሥር ያለው ቀዝቃዛው ነው። ትንሽ ይወርድና ይቆማል። ከዚያ «እፍ፣ እፍ» የሚል ትንፋሽ። እጅ ላይ የሚተነፈስ ትንፋሽ። ከዚያ ደግሞ ውሃው።

እንግዳ ይሆናል አልኩ። በነጋታው ያው። በሦስተኛውም ቀን ያው። ሙቁ ቧንቧ ያለበት ክፍል ውስጥ ድምፅ የለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። አራት እሑድ! አራት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ ግድግዳ ስፈለፍል! ከሰዓት በኋላ፣ አያ እንድሪስ መስጊድ መሆናቸውን አውቄ፣ በርሜሉን ላየው መጣሁ ብዬ ገባሁ። በቀጥታ ወደዚያ ክፍል ነው የሄድኩት። ከቧንቧው እጀታ እስከ ግድግዳው ሸረሪት ድር ሠርታለች። አሮጌ ድር ነው፤ አቧራ የያዘ።

እትዬ ሉባባ ተከትለውኝ መጥተው ከውጭ ቆመዋል።

«እንዴት ያለች ቧንቧ ነች፣ አይደል?» አሉ።

«እትዬ ሉባባ፣ ይህችን ቧንቧ አንድ ቀን ከፍተዋት አያውቁም።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«ጠዋት ጠዋት እሰማዎታለሁ። በቀዝቃዛው ነው የሚታጠቡት። ምኗ አስጠላዎት? ትፋጃለች?»

«ኧረ ወላሂ አትፋጅም። ለልብስ ማጠቢያም ቀድቼባት አላውቅም፣ በምን አውቄ?» አሉና ራሳቸው በተናገሩት ደንግጠው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው አነሰ። «ሽንት ቤት ነዋ፣ ልጄ።»

«ምኑ?»

«ክፍሉ። ውዱእ ሲጀመር ቢስሚላህ ይባላል። ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ እንዴት የአላህን ስም ልጥራ?»

እኔ አምባሰል ውስጥ እስላምና ክርስቲያን በአንድ አጥር ተጠጋግቶ በሚኖርበት ሰፈር ያደግሁ ሰው ነኝ። ሰው ውዱእ ሲያደርግ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ግን እዚያ ሁሉም የሚታጠበው ሜዳ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ነው። ሽንት ቤትና መታጠቢያ በአንድ ጣራ ሥር አድርጎ የሠራ ሰው ስላልነበረ ጥያቄው ተነሥቶ አያውቅም። አያ እንድሪስም ቢሆኑ ውዱእ የሚያደርጉት መስጊድ ነው። ሁለታችንም ስለ ቱቦው ርዝመት ስንከራከር አንዳችንም አላሰብነውም።

«በልብዎ ቢሉትስ?» አልኩ፤ ግትር አይደለሁ?

«በልቤ ካልኩትማ ምላሴ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዲያ ግድግዳ ላይ እየለካህ፣ እንዲያ እያስረዳህ፣ በየት በኩል ልግባ? ከሠራኸው በኋላማ ጭቃ በጭቃ ሆነህ ሳይህ... በየት አፌ?»

«ለአያ እንድሪስስ?»

«እሱን ተወው!» ፊታቸው ተለወጠ። «እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ይዞ እየጎተተ ከበሩ ላይ ሆኖ ነው የሚያሳየው። 'ለሉባባ ያሠራሁላት' እያለ። ልጁ ከሄደ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት በዚህች ቧንቧ ነው። እንዳትነግረው። አደራ አልኩህ፣ ደምሴ፣ የሰማይ አደራ።»

እጃቸውን አየሁት። ነጠላውን የያዘበት መገጣጠሚያ አብጦ ቀልቷል። «አብሽሩ፣ እትዬ» አልኳቸውና ወጣሁ።

መንገድ ላይ ሁለት ነገር አሰብኩ። ሴትዮዋ ሳያፍሩ፣ አያ እንድሪስም ሳያዝኑ ያ ሙቅ ውሃ ሎሚው ሥር መድረስ አለበት። ይህ እንዲሆን ደግሞ አንድ ሰው ተሳስቻለሁ ማለት ነበረበት። ከእኔ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም።

በነጋታው አያ እንድሪስን መስጊዱ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

«አያ እንድሪስ፣ ሳስበው ሳስበው ቧንቧው ውጭ ይሻላል።»

ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። «አሞሃል?»

«አላመመኝም።»

«አንተ፣ ግትሩ ደምሴ፣ ሐሳብህን ቀየርክ? እኔ ውጭ ስልህ 'ማን ነው ብርድ ላይ የሚታጠብ' ብለህ የተከራከርከኝ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«በል እስቲ ድገመው። አላልኩህም ነበር?»

«ብለውኛል።»

«ጮክ በል፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

«ብለውኛል! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!» መስጊድ የሚገባ የሚወጣው ሰው ሁሉ ሰማ። አያ እንድሪስ ያን ቀን በአሥር ዓመት ወጣት ሆነው ወደ ቤት ሄዱ።

የቀረው ቱቦው ነው። ከክፍሉ ሦስት ሜትሩን ብነቅል አሥራ አንድ ሜትር ይጎድላል። ያን ጊዜ የብረት ቱቦ ሱቅ ተገብቶ አይገዛም፤ ከመንግሥት መጋዘን ነው፣ ለዚያም የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ወጣት ነው፤ ወረቀቶቹን እያስተካከለ ሰማኝ።

«ጓድ ደምሴ፣ ሰፊው ሕዝብ ቦኖ ላይ ተሰልፎ ሳለ ለአንድ ቤት ደጅ ላይ ሙቅ ውሃ? ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሴትዮዋ ለሶላት ሲታጠቡ እጃቸውን ያማቸዋል።»

«ለሶላት ተብሎ ቱቦ አይጠየቅም። በአውራጃ ያስጠይቀኛል።» በሩን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እጇን ያማታል አልክ?»

«ጣታቸው አይዘረጋም።»

«እንግዲያው ለጤና ነው።» ጻፈ። ማኅተሙን ሲመታ፣ «እኔንም አሳድጋኛለች እትዬ ሉባባ። ቁርኣን ቤት ስቀር ከአባቴ ደብቃኛለች። በል ሂድ» አለኝ።

ደብዳቤውን ይዤ ገብሬ ዘንድ ሄድኩ። መጋዘኑ ባዶ ነው። ገብሬ ደብዳቤውን አላነበበውም፤ የሚያየው እኔን ነው፤ ከስንት ዓመት አንዴ።

«ሙቅ ውሃ አጭር ቱቦ ይወዳል ብዬህ አልነበረም?»

«ውሃው ይውደድ። ሴትዮዋ አይወዱም።»

ከግቢው ጥግ የተከመረውን የፈረሰ ቦኖ ቱቦ አሳየኝ። «ዝገቱን አራግፈው። ክሩን አዲስ አውጣበት። ከታጠፈ አልሰጥህም፤ ጠማማ እንደምትወድ አውቃለሁ።»

በዚህኛው ሥራ የመጀመሪያውን ቀን ቱቦ አልቆረጥኩም። «እትዬ ሉባባ፣ እዚህ ይምጡና እንደሚታጠቡበት ይሁኑልኝ» አልኳቸው። አፈሩ። አያ እንድሪስ «ነይ እንጂ፣ ባለሙያው ይለካ» አሉ። መጥተው ሎሚው ሥር ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለካስ ቆመው አይደለም የሚታጠቡት። እኔ ደግሞ ቧንቧውን በወገቤ ቁመት ልገጥመው ነበር። ቁጭ ባሉበት ከጉልበታቸው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ በከሰል ምልክት አደረግሁ።

«ይህን ይክፈቱት» ብዬ ክብ እጀታ ያለውን ቧንቧ ሰጠኋቸው። ሞከሩ። ጣታቸው እጀታውን ዞሮ አይጨብጥም። ክቡን እጀታ ፈትቼ ጣልኩትና ስንዝር ተኩል የሆነ ብረት አስበየድኩበት፤ በእጅ አንጓ ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት።

ቱቦውን በግድግዳው አስኬድኩት፤ ሁለት ቦታ ጎሚቶ የምንለውን መታጠፊያ አስገባሁ። እንዳይቀዘቅዝ የሚጠቀለልበት ጠፋ። እትዬ ሉባባ ከጓዳ አንድ ያረጀ ባና አወጡ፤ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ።

«የመሐመድ ነው» አሉ። «ሲመጣ አዲስ እንገዛለታለን፣ ኢንሻአላህ።»

በቁመቱ ቀዳድጄ ቱቦውን ጠመጠምኩት፣ በላዩ ጭቃና ጭድ ለሰንኩ።

የጨረስኩ ዕለት አስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ሊደርስ ነው። እትዬ ሉባባ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። እጀታውን በአንጓቸው ገፉት። ቀዝቃዛ ወጣ።

አሥራ አራት ሜትር ቱቦ ውስጥ የቆመ ውሃ ነው፤ ቀድሞ ይወጣል። ይህንን እኮ ነው ስከራከር የነበርኩት። አሁን ሴትዮዋ ያን ሁሉ ውሃ መድፋት ነው፤ ውሃ ማባከን ደግሞ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው።

እትዬ ሉባባ ታኒካ ሳብ አድርገው ሥሩ አስቀመጡ። «ይህ ለበጎቹ» አሉ። ታኒካው ግማሽ ሲሆን ውሃው ለብ አለ፣ ከዚያ ሞቀ። ያን ሁሉ የተከራከርኩበት ጉዳይ በአንድ ታኒካ አለቀ።

እጃቸውን ከሥሩ አደረጉ። «ቢስሚላህ» አሉ። ሦስት ጊዜ እጃቸውን፣ ከዚያ አፋቸውን፣ ከዚያ ፊታቸውን። አይቸኩሉም። እኔ መፍቻዬን መልቀም ጀመርኩ።

አያ እንድሪስ አጠገቤ ቆመዋል። ዓይናቸው ከሚስታቸው ወደዚያኛው ክፍል፣ ከክፍሉ ወደ ሎሚው ሲሄድ አየሁ። ሾፌር ናቸው፤ መንገድ ያነባሉ።

«ደምሴ፣ እዚያ ውስጥ ታጥባ አታውቅም፣ አይደል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አደራ አለብኝ። ቃጫዬን ጠቀለልኩ።

«አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ስትታጠብ ቆሜ አላየኋትም» አሉ። «ሁልጊዜ ቀድሜ እወጣለሁ።» ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁና ሄደው ታኒካውን አነሡ፣ በጎቹን አጠጡ። እትዬ ሉባባ ቀና ብለው «አንተ ደግሞ፣ ልብስህን ታረጥባለህ» አሏቸው። ሌላ የተባለ ነገር አልሰማሁም።

በወሩ ቢሮ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ እትዬ ሉባባ ከዘራቸውን ይዘው ከች አሉ። ከቤታቸው ርቀው የሚወጡ ሰው አይደሉም። በገብሬና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆሙ።

«ደምሴ! ቧንቧህ ያንጠባጥባል። ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ነው የሚያድረው። ያ ሁሉ ውሃ ሲባክን ጌታዬ ዘንድ የምጠየቀው እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ደግሞ ያ ብረትህ ጠዋት ጠዋት በረዶ ነው፣ ጨርቅ አስርበት። ድንጋዩም ይነቃነቃል፣ ልትጥለኝ ነው?»

ገብሬ ሻዩን አስቀምጦ ሳቀ። በሥራ ዘመኔ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «ግትሩ፣ ጉድ ፈላብህ» አለኝ።

እኔ ግን ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ። ከእሳቸው ጋር አብሬ ሄድኩ። ውስጡ ያደረግሁት ጎማ ስስ ነበር፤ ሙቅ ውሃ አለስልሶታል። ከመኪና ጎማ ወፍራሙን ቆርጬ ቀየርኩት። እጀታው ላይ ጨርቅ ጠመጠምኩ። ድንጋዩን በሲሚንቶ አሰርኩት። ቆመው ያዩኝ ነበር፤ «አጥብቀው፣ አጥብቀው እንጂ» እያሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ውጭ ላይ ሙቅ ውሃ ግጠምልኝ ብሎኛል። ለአንዳንዱ ገጠምኩ፣ ለአንዳንዱ እንቢ አልኩ። የሚታጠብበትን ሰው አስቀምጬ ሳልለካ የገጠምኩት ግን የለም።

ለእናንተ የምለው ይህንኑ ነው። ደንበኛ አመስግኗችሁ ዝም ካለ ሄዳችሁ ቧንቧውን ክፈቱት። የሚጠቀምበት ሰው ያማርራል።